ሞጣን ቅዳሜ የጠራው ካርድ

ቆይ አንተ ሰውዬ፣ ቆይ! አስጨርሰኛ! የቅዳሜን ካርድ ያመጡት አቶ ደመላሽ ናቸው ያለህ ማነው? ራሳቸው ናቸው አይደል? እሳቸውማ ምን ይበሉ! እኔ ነኝ ያመጣሁት። እኔ፣ በዚህች በቀኝ እጄ፣ በዚህች ሌባ ጣቴ፣ ማውሷን አንዴ ቀጭ አድርጌ። አንተ ደግሞ እዚያ ጥግ ላይ የምትስቀው፣ "ሠርጉን አበላሽቶ ነው እንጂ" ትላለህ አሉ። ሠርጉ ላይ ነበርክ? ሽንኩርት ልጠሃል? ካልላጥክ ዝም በል።

"ይሄ ጢሙን በቅጡ ያላበቀለ ልጅ ምን የሥራ ዘመን አለውና ነው ትዝታ የሚያወራው?" የምትሉም አላችሁ። ሰምቻለሁ። በሃያ ስድስት ዓመቴ ከኮምፒዩተር ጽሕፈት ጡረታ ወጥቻለሁ። ሌላው ሰው እስኪሸብት ይጠብቃል፤ እኔ ፈጣን ስለሆንኩ ቶሎ ጨረስኩት። አበል የለውም እንጂ ጡረታው ጡረታ ነው።

ይበልጣል እባላለሁ። ብቸና ላይ ግን "ዶፉ" ካላላችሁ የሚያውቀኝ የለም። ኪቦርድ ላይ ስቀመጥ ቆርቆሮ ላይ ዶፍ የወረደ ይመስላል፤ በደጃፋችን የሚያልፍ ሰው ጃንጥላ የዘረጋበት ጊዜ ነበር። ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው የቆመው። እኔ ልተወው ወይ እሱ ይተወኝ እስካሁን አልተጣራም።

ሥራ የጀመርኩት ሞጣ፣ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ነው። መጀመሪያ መጥረግ፣ ቀጥሎ ኮፒ ማንሣት፣ ቀጥሎ አለቃዬ ምሳ ሲወጣ መጻፍ። አለቃዬ ከሰው ፊት ይልቅ አምፖል የሚያይ ሰው ነበር። "መብራት ሳይሄድ! መብራት ሳይሄድ!" እያለ ያጣድፈኛል። ፍጥነቴ ከዚያ ነው የመጣው።

አንድ ቀን አንድ መምህር ፈተና ይዞ መጣ፤ "ባዶ ቦታውን ሙሉ" የሚባለውን። ፋይሉ ውስጥ መልሶቹ በየቦታቸው ተጽፈዋል። "መልሶቹን ደብቅና አባዛልኝ፤ እንዳታጠፋቸው ግን፣ ለእርማት እፈልጋቸዋለሁ" አለኝ። መደበቅ? ለኔ? መልሶቹን እያንዳንዳቸውን ይዤ ቀለማቸውን ነጭ አደረግኋቸዋ። ነጭ ወረቀት ላይ ነጭ ፊደል ማን ያያል?

ክፍሉ በሙሉ ደፈነ። የሚያጠናውም፣ ተኝቶ የሚውለውም። መምህሩ መጀመሪያ በደስታ ሊበር ደርሶ ነበር። ኋላ አንዷን ተማሪ "እስቲ እንዴት አወቅሽው?" ቢላት "ቲቸር፣ አጭሩ ክፍተት ጣና ነው፣ ረጅሙ ክፍተት ደብረ ማርቆስ ነው" አለችው። ለካ ፊደሉ አይታይ እንጂ ሥፍራውን ይዞ ቁጭ ብሏል። መስመሩም የሚታይ መስሎት በእሱ ልክ ይታጠፋል። ልጆቹ ክፍተቱን በጣታቸው እየለኩ ነው የደፈኑት።

አለቃዬ አባረረኝ። ደመወዜን አልጠየቅሁም፣ እሱም አላስታወሰኝም።

ብቸና ገባሁ። ፍርድ ቤቱ አጠገብ ጋሼ ሙላት የሚባሉ ጸሐፊ ሰው ይፈልጋሉ አሉኝና ሄድኩ።

"የት ነበርክ?" አሉኝ።

"ሞጣ።"

"ለምን ወጣህ?"

"ተባርሬ።"

"ምን ሠርተህ?"

ነገርኳቸው። እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። "አየህ" አሉ ዓይናቸውን በመሐረብ እየጠረጉ፣ "ሰውየውን ነጭ አለበስከው እንጂ ከወንበሩ አላስነሣኸውም።" እዚያው ቀጠሩኝ። የሚያስቃቸው ሰው አጥተው ኖረው ይሆናል።

ጋሼ ሙላት ያረጁት ታይፕ ላይ ነው። ታይፕ መስመሩ ሊያልቅ ሲል ቃጭል ያቃጭላል። እሳቸው ኮምፒዩተር ላይ ከተቀመጡ ስንት ዘመናቸው፣ አሁንም መስመር ሊታጠፍ ሲል በአፋቸው "ቅልል!" ይላሉ። ደንበኛ መጀመሪያ ይደነግጣል፣ ኋላ ይለምደዋል። ሥራ ሲያበቁ ማሽኑን በነጭ ጨርቅ ይሸፍኑታል፣ እንደ ታይፑ። "አቧራ እንዳይገባው ነው?" ስላቸው "እንዲያርፍ ነው" ይሉኛል።

እውነተኛውን መደበቅ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ኮምፒዩተሩ ራሱ የሚደብቅበት መላ አለው። ቃሉን ይዘህ ስታዝዘው ይሰወራል። አልጠፋም፣ ፋይሉ ውስጥ አለ። ምልክቶችን የምታወጣውን ቁልፍ ስትነካ ከሥሩ ነጠብጣብ ተሰምሮበት ብቅ ይላል፣ መልሰህ ስትነካት ይሰወራል። ጋሼ ይሄን ያስረዱኝ ደንበኛ የሚቀመጥባቸውን አግዳሚዎች እያሳዩ ነው።

"አግዳሚው መስመር ነው፤ ሰዎቹ ቃላት ናቸው። ከመካከል አንዱ ተነሥቶ ሲሄድ ምን ይሆናል?"

"የቀሩት ይጠጋሉ።"

"ጫፉ ላይ ቦታ ሲገኝስ?"

"ከኋላው አግዳሚ የመጀመሪያው ሰው መጥቶ ይቀመጣል።"

"ከሱ ኋላስ ያለው?"

"እሱም ይጠጋላ፣ ጋሼ። ሁሉም ይነቃነቃል።"

"በል እንግዲህ! ምልክቱ በርቶ ስታየው የተደበቀውም ሰው ተቀምጧል፤ መስመሩ ለእሱም ቦታ ሰጥቶ ይታጠፋል። ስታጠፋው ተነሥቶ ይሄዳል፤ ከዚያ በኋላ እስከ አንቀጹ መጨረሻ ድረስ ማንም በቦታው አይቆይም። ስለዚህ ልጄ፣ በቃል ያዝ እንጂ በመስመር አትያዝ።"

በመስመር መያዝ ማለት ምን መሰላችሁ? ማውሱን ወደ ገጹ ጠርዝ ወስደህ አንዴ ቀጭ ስታደርግ መስመሩ እንዳለ ይያዝልሃል። ለእንደኔ ዓይነት ፈጣን ሰው የተሠራ ነገር ነው። ጋሼ አይነኩትም። ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው፣ ስክሪኑን በጣታቸው እየተከተሉ፣ ዳዊት እንደሚደግም ሰው ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ነው የሚይዙት። እኔ በሆዴ "ይሄ ሽማግሌ ዛሬም ታይፕ ላይ ነው" እላለሁ።

ሌላም ልማድ ነበራቸው። ማንኛውም ወረቀት ከመባዛቱ በፊት አንዷን ያትሙና ደጃፍ ላይ፣ ብርሃን ባለበት ይቆማሉ። ከዚያ ሌላ ሰው ይሆናሉ። ማመልከቻ ከሆነ ዳኛ ሆነው፣ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው "ምን ፈልገህ ነው የመጣኸው አንተ?" ይሉታል ወረቀቱን። የለቅሶ ማስታወቂያ ከሆነ ከሉማሜ የመጣ ዘመድ ይሆናሉ። "ቀብሩ በየትኛው ቤተ ክርስቲያን ነው? ስንት ሰዓት? እኔ ለአገሩ እንግዳ ነኝ" ይላሉ። ወረቀቱ ካልመለሰላቸው አይባዛም። መንገደኛው ቆሞ ያያል፣ እኔ እስቃለሁ፣ እሳቸው ጉዳያቸውም አይደል።

እንግዲህ ወደ ሠርጉ። የብቸና ልጅ ለሞጣ ልጅ ተዳረች። ቅዳሜ ምሳ ብቸና በሙሽራዋ ቤት፣ እሑድ ምሳ ሞጣ በሙሽራው ቤት። የሙሽራው አባት አቶ ደመላሽ ሞጣ ላይ ስማቸው የሚጠራ ነጋዴ ናቸው። ለጉዳይ ፍርድ ቤት ሲመላለሱ የጋሼን እጅ አይተው ስለነበር "ካርዱን እሳቸው ይሥሩት" አሉ። የብቸና ሰው ለቅዳሜ ብቻ፣ የሞጣ ሰው ለእሑድ ብቻ ነው የሚጠራው፤ ሁለት ዓይነት ካርድ ይፈለጋል ማለት ነው። ጋሼ ለየብቻ ሊጽፉ ሲነሡ፣

"ምን በወጣን ጋሼ! አንድ ፋይል፣ ሁለት ካርድ! የብቸናን ሳትም ሞጣን እደብቃለሁ፣ የሞጣን ሳትም ብቸናን እደብቃለሁ" አልኳቸው።

አዩኝ፣ አዩኝና "በቃል ያዝ" ብለው ወደ ጉዳያቸው ወጡ።

የብቸናው እንደ መስታወት ወጣ። እንደ ጋሼ ደጃፍ ላይ ቆሜ፣ የብቸና ሰው ሆኜ አነበብኩት፣ ምንም አልጎደለብኝ። የደበቅሁትን መልሼ ወደ ሞጣው ዞርኩ። ሞጣ ለሚሄደው የሙሽራዋ አጎቶች ስም አያስፈልግም፤ አንቀጹ መግቢያ ላይ ተደርድረዋል፣ እነሱን መደበቅ አለብኝ። ከዚያ ሥር ደግሞ "ቅዳሜ በብቸና በሙሽራዋ ቤት፣" የምትለዋ አለች። ልክክ ብላ ለብቻዋ አንድ መስመር ይዛ ተቀምጣለች። መጀመሪያ አጎቶቹን፣ ቀጥሎ እሷን፤ አለቀ።

አጎቶቹን ደበቅሁ። በዚህ መሀል አንድ የማውቀው የደጀን ሹፌር ብቅ አለ።

"አንተ ዶፉ፣ እስካሁን እዚህ አግዳሚ ላይ ነህ? ሚስት አታገባም?"

"ያንተ መኪና ዳገቷን ስትወጣ አገባለሁ!"

ተረባችን ደራ። ዓይኔ እሱ ላይ፣ እጄ ማውሱ ላይ፣ ያችን መስመር ከጠርዟ ቀጭ አድርጌ ደበቅኋት።

አጎቶቹ ሲነሡ ግን ሁሉም ተጠግቶ ነበር። "ቅዳሜ" ከፊቱ ባለው መስመር ጫፍ ላይ ቦታ አግኝቶ ወደ ላይ ሄዷል። "እሑድ" ደግሞ ከኋላው መጥቶ በመስመሬ መጨረሻ ገብቷል። ስለዚህ እኔ የደበቅሁት "በብቸና በሙሽራዋ ቤት፣ እሑድ" የሚለውን ነው። ምን ቀረ? "ቅዳሜ በሞጣ በሙሽራው ቤት ለምሳ እንድትገኙልን።" አቤት ማማሩ! አንድ ፊደል አልተዛነፈም፣ መስመሩ ግጥም ብሎ ታጥፏል። እንዲህ ያማረ ስሕተት አይቼ አላውቅም።

የሞጣ ሰው ሆኜ አላነበብኩትም። የብቸናውን አንብቤያለሁ፣ ፋይሉ አንድ ነው፣ ምን ልድከም! አቶ ደመላሽም ካርዱ ሲደርሳቸው ያዩት የራሳቸውን ስም ነው። "ደምቋል" አሉ። ተበተነ።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ሱቅ ውስጥ ሳለን ስልክ ጮኸ። የጋሼ ስምና ቁጥር ካርዱ ጀርባ ላይ ስለሚታተም ሰው ከዚያ ነው የሚደውለው። አነሣሁ።

"የደመላሽን ልጅ ካርድ የሠራችሁት እናንተ ናችሁ?" የሴት ድምፅ ነው።

"አዎ እትዬ! አምሮ ወጣ አይደል?"

"አምሯል! ሰው ሁሉ በካርዱ ተጠርቶ፣ ነጭ ለብሶ ደጄ ላይ ቆሟል! ሙሽራው የለ፣ አባትየው የለ፣ ድንኳኑ መሬት ላይ ተኝቷል፣ በጉ ገና ሣር ይግጣል!"

የሙሽራው እናት እትዬ ጥሩዬ ናቸው። ወንዶቹ ሁሉ ሙሽራዋን ሊያመጡ ማልደው ወደ ብቸና ወጥተዋል። እሳቸው ከወጥ ሠሪዎቹ ጋር ብቻቸውን ቀርተው የመጣባቸው እንግዳ ግቢውን ሞልቶታል። "ከደጄ ሰው ሳይቀምስ ተመለሰ ተብሎ ሞጣ ላይ እንዴት ልኖር ነው?" ብለው ስልኩን ዘጉት።

ጋሼ ሙላት ፋይሉን ከፈቱ። ምልክቱን አበሩ፣ አጠፉ፣ አበሩ። ማሽኑን በነጭ ጨርቅ ሸፈኑትና ባርኔጣቸውን አነሡ።

"ተነሥ።"

"ወዴት ጋሼ?"

"ስሜ ካርዱ ላይ ያለው ወዴት ሄዷል?"

ሚኒባስ ተሳፈርን። ከብቸና ስንወጣ የሙሽራው መኪኖች ጡሩምባቸውን እያንጫረሩ ሲገቡ ተላለፍን። አቶ ደመላሽ በመስኮት እጃቸውን አውለበለቡልን። እኔ ወንበር ሥር ገባሁ። ጋሼ ባርኔጣቸውን አንሥተው አጸፋውን መለሱ። ደብረ ወርቅን አለፍን። ከዚያ፣

"ከጠርዙ ነው የያዝከው?"

"አዎ።"

"ካተምክ በኋላ አነበብከው?"

"የብቸናውን፣ የብቸና ሰው ሆኜ።"

"የብቸናው ሰው ምን ይጠፋዋል! እሱ አገሩ ነው።"

እስከ ሞጣ መንገዱን እያዩ ሄዱ። ቢሰድቡኝ ደስ ባለኝ። መልስ አላጣም ነበራ።

ደረስን። እንግዳው ገሚሱ ግንድ ላይ ተቀምጧል፣ ገሚሱ ቆሟል። ጎረቤታቸው ሐጂ ሰይድ፣ ሱቃቸው ከእነ እትዬ ጥሩዬ ጋር አጥር ለአጥር ነው፣ ካርዱን በእጃቸው ይዘው ለሰው ያስረዳሉ። "እኔማ እሑድ ነበር የሚመስለኝ። ካርዱ ቅዳሜ ሲል ቀን ተለውጧል ብዬ ሱቄን ዘግቼ መጣሁ።"

ጋሼ በቀጥታ እትዬ ጥሩዬ ፊት ሄደው ባርኔጣቸውን አወለቁ።

"ጸሐፊው እኔ ነኝ እሜቴ። ጥፋቱ የኔ ቤት ነው። ይቅርታ ያድርጉልኝ።"

ወደኔ አልጠቆሙም። ዞር ብለውም አላዩኝም። እኔ ከኋላቸው ቆሜ ነበር፤ ያን ዕለት ያህል አጥሬ አላውቅም።

አንድ ጋቢ የለበሱ አዛውንት ከግንዱ ላይ ተነሡ። "በሉ እንሂድ እንጂ፤ ሰው ለምን እናስጨንቃለን። ነገ እንመለሳለን።" ሌላውም መነሣት ጀመረ። እትዬ ጥሩዬ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። አንዱ ከወጣ ሁሉም ይወጣል፤ ከወጣ ደግሞ ወሬው ለልጅ ልጅ ነው። አግዳሚው ሲነቃነቅ ታየኝ።

ሙቀጫ አየሁ፣ ገልብጬው ላዩ ላይ ወጣሁ።

"የሞጣ ሰዎች! ካርዱ ምን ይላል?"

"ለምሳ ይላላ!" አለ አንዱ ተቆጥቶ።

"ሐጂ፣ እስቲ ይመልከቱልኝ፤ 'የደረሰ ምሳ' ይላል?"

ሐጂ ሰይድ ካርዱን ራቅ አድርገው አዩ። ገልብጠውም አዩት።

"አይልም።"

"ታዲያ! የተጠራችሁት ላልደረሰ ምሳ ነው! እንድታደርሱት! ለደረሰውማ ነገ ማንም ይመጣል፤ ለዛሬው የተመረጠ ሰው ነው የተጠራው!"

ከዚያ ሐጂ ሰይድ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ።

"አንተ ልጅ፣ ምላስህ ከእጅህ ይሻላል!" አሉና ኮታቸውን አውልቀው አጥሩ ላይ ሰቀሉ። "ያ የድንኳን ገመድ የት አለ? ኑ እንጂ ጎበዝ፣ ደቦ ነው!"

ደቦ ከተባለ በኋላ የኛ አገር ሰው ቁጭ አይልም። ነጭ የለበሰው ሁሉ እጅጌውን ሰበሰበ። ወንዶቹ ድንኳኑን አቆሙ፣ እንጨት ፈለጡ፣ በጉም ሣሩን ተሰናበተ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አደግድገው ወጥ ቤት ገቡ። የሐጂ ባለቤት የራሳቸውን ድስቶች አስመጥተው ለሙስሊም እንግዶች የሚሆነውን በአጥሩ ማዶ ጎለቱ። ያ "እንሂድ" ያሉት አዛውንት ካስማ እየተከሉ ያዝዛሉ፤ ማንም አልቻላቸውም።

እኔንስ? እትዬ ጥሩዬ ቢላዋ አምጥተው እጄ ላይ አኖሩ።

"ፈጣን ነህ አሉ።"

"ብቸና ላይ ዶፉ ነው የምባለው!"

"እሰይ፤ ያው ከረጢቱ።"

ሽንኩርት ነው። እንደ ኪቦርድ ነው የወረድኩበት። ሴቶቹ "ቀስ በል፣ ጣትህ ወጥ ውስጥ ትገባለች!" ይሉኛል፣ እንባዬ ይወርዳል፣ አላቆምኩም። ቀና ስል ጋሼ ሙላት ድንኳኑ ውስጥ አግዳሚ ይደረድራሉ። ሲባጎ ወጥረው፣ ጎንበስ ብለው በአንድ ዓይናቸው እያዩ፣ አንዱን ረድፍ ጨርሰው ወደ ቀጣዩ ሲታጠፉ "ቅልል!" አሉ። ያኔ ነው ልቤ የተመለሰችው። ተቆጥተው ቢሆን ዝም ብለው ነበር የሚደረድሩት።

ወጡ ለእሑድ ነው፤ የቅዳሜ ምሳ ዳቦና ቆሎ፣ ጠላና ለስላሳ ነበር። ማንም አላማረረም። ሁሉም ደክሞት፣ እያንዳንዱ የራሱን ካስማ እያደነቀ ነው የበላው። ፀሐይ ሳትጠልቅ የሙሽሮቹ መኪኖች ደረሱ። አቶ ደመላሽ ጧት መሬት ላይ የተዉት ድንኳን እንደ ተራራ ቆሞ፣ ሥሩ ሰው ሞልቶ በእልልታና በጭብጨባ ሲቀበላቸው ከመኪናው ወርደው ተገተሩ። ሌላ ሰው ቤት የመጡ መሰላቸው።

"ይሄን ሁሉ ሰው ማን ጠራው?"

እትዬ ጥሩዬ ወደኔ አዩ። እኔ ቢላዋዬን ይዤ፣ ዓይኔ ቀልቶ ቆሜያለሁ።

"ካርዱ ነዋ" አሉ።

"የቱ ካርድ?"

"ያንተው።"

አቶ ደመላሽ ድንኳኑን አዩ፣ ሰዉን አዩ፣ የሙሽራዋ ዘመዶች አፋቸውን ከፍተው ሲያደንቁ አዩ። ከዚያ ምን ቢሉ ጥሩ ነው? ደረታቸውን ነፍተው፣ ሁሉም እየሰማቸው፣ "አስቤበት ነበር!" አሉ።

ወገን፣ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ነው የኔና የእሳቸው ጠብ!

እሑድ እንዴት እንደደመቀ ልነግራችሁ አልችልም፤ ምግቡን ራሱ ያሰናዳ እንግዳ ሌላውን እንዴት እንደሚያስተናግድ አላያችሁም። ሠርጉ ካለፈ በኋላ አንድ የሞጣ ሰው ሱቃችን መጣ። "የእሑድ የሠርግ ካርድ ሥሩልኝ። ለጎረቤትና ለወዳጅ ደግሞ ለብቻው የቅዳሜ ይሁን" አለ።

"የቅዳሜው ምን ይበል?" አሉት ጋሼ።

"ያ የደመላሽ ካርድ እንዳለው። ከደቦው እንዳንቀር።"

ጋሼ ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ። እኔ ጣራ አየሁ። ካርዱን ጻፍኩ፣ በቃል ይዤ። አንዷን አተምኩና ደጃፍ ላይ ወጥቼ የሞጣ ሰው ሆንኩ። "የት ልሂድ? መቼ ልሂድ?" ብዬ ጮክ ብዬ ጠየቅሁት፣ ወረቀቱ መለሰልኝ። ጋሼ ከውስጥ "ቅልል!" አሉ። እኔ በዲግሪ ለሚመረቅ ሰው ከዚህ የበለጠ ምን እንደሚሰጡት አላውቅም።

አሁን ሰው ካርዱን በስልኩ ይልካል፤ ማመልከቻውንም በስልኩ ይጽፋል። ጋሼ እጃቸው ሲደክም ማሽኑን በጨርቁ ሸፍነው ሱቁን ዘጉ። "ምን ልስጥህ?" ሲሉኝ የደንበኛ አግዳሚዎቹን ለመንኳቸው። ይዣቸው ሞጣ ገባሁ። ዛሬ ድንኳንና አግዳሚ አከራያለሁ፤ ሞጣ ላይ ያለ ቅዳሜ ካርድ ሠርግ የለም፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ማን እንደሚጠራኝ ብታዩ! ስደረድር ሲባጎ እወጥራለሁ፣ ረድፍ ሲያልቅ በአፌ ምን እንደምል ገምቱ።

እና አንተ ሰውዬ፣ አሁንም አቶ ደመላሽ ናቸው ትላለህ? እሺ፣ ሞጣ ሂድ። ሐጂ ሰይድን ጠይቅ፤ ካርዱ ሱቃቸው ውስጥ ተለጥፏል፣ ራስህ አንብበው። እትዬ ጥሩዬን ጠይቅ፣ ቢላዋ እንዴት እንደያዝኩ ይንገሩህ። ያን ቀን ካስማ የተከለ፣ እንጨት የፈለጠ፣ ሽንኩርት የላጠ ማንንም ጠይቅ። አቶ ደመላሽን ግን ተዋቸው። እሳቸው ያን ቀን ብቸና ነበሩ።